ሜጀር ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት፤ ቀንና ጭነት የቈጠሩ የጦር ሰው

የጦርነት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጥይቱን የተኰሰው ሰው ነው እንጂ ጥይቱ እንዲደርስ ያደረገው አይደለም። ነገር ግን ስንቅ ያልደረሰው ወታደር ምንም ጀግና ቢሆን በጥቂት ቀን ውስጥ እንደሚዝል፣ ጥይት ያለቀበትም ጠብመንጃ ከዱላ እንደማይሻል የታወቀ ነው። ስለዚህ ጦር ለሚመራ ሰው ከጠላት ቍጥር ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጠላት ቍጥር አስቀድሞ፣ መመርመር የሚገባው ጭነቱ በስንት ቀን ይደርሳል የሚለው ነገር ነው። ይህን ጥያቄ በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ተምረው፣ በጐጃም ተራሮች ተፈትነውበት፣ በመጨረሻም በሩቅ ምሥራቅ ጫካ ሌላ መልስ የፈለጉለት ሰው ሜጀር ጄኔራል ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ናቸው።

ስማቸው ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት ከጠላት ወረራ በኋላ ከተቋቋሙት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆኖ ለሀገሪቱ ብዙ የተማሩ ሰዎች አፍርቷል። ሆኖም ስሙን በየቀኑ ከሚጠሩት ብዙዎቹ ሰውየው ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት አዲስ አበባ የገቡ እንግሊዛዊ መኰንን መሆናቸውን ብቻ ያውቃሉ። ከዚያ ፈረስ በስተኋላ የነበረውን ረጅም መንገድና የመንገዱን ሒሳብ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. በየካቲት ወር በሕንድ አገር ናይኒ ታል በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኰንን ነበሩ፤ ቤተ ሰቡም መጽሐፍ ቅዱስን በየዕለቱ የሚያነብና በሥርዓቱ እጅግ ጥብቅ የሆነ የፕሮቴስታንት ማኅበር አባል ነበር። በልጅነታቸው ያነበቡት የብሉይ ኪዳን ታሪክ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአሳባቸው አልወጣም። በእንግሊዝ አገር ተምረው ዉልዊች ከሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ሲወጡ የመድፈኛ ጦር መኰንን ሆኑ። ከዚያም ለንደን ውስጥ ዐረብኛ ተማሩ። የአባታቸው ዘመድ የነበሩት ሰር ሬጂናልድ ዊንጌት ቀድሞ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ስለ ነበሩ ወጣቱ መኰንን ዐይናቸውን ወደዚያ አገር አዞሩ፤ በ1920 ዓ.ም. የሱዳን መከላከያ ጦር ውስጥ ገብተው በቢምባሺ ማዕርግ የምሥራቅ ዐረብ ጦር ለሚባለው ክፍል ተመደቡ። የዚህም ክፍል ማዕከል ገዳሪፍ ነበረ።

ገዳሪፍ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የንግድ በር መሆኗ ነበር። ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በካሰላ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ወደ ከተማይቱ የደረሰው በእነዚያው ዓመታት ሲሆን፣ ጥቂት ቈይቶ ወደ ሰናር ተቀጠለና ከካርቱም መሥመር ጋር ተገናኘ። ከከተማይቱ እስከ ገላባትና እስከ መተማ ድረስ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ሐዲድ የሌለው ሜዳ ነው። የዚህ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ በክረምት ደግሞ ሰውንም እንስሳንም መኪናንም ይዞ አላስኬድ ይላል። በበጋ ቀን በሰዓት የሚቈጠረው መንገድ በክረምት በሳምንት ይቈጠራል። እንግዲህ በዚህ ጠረፍ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በወሩ ስም ጭምር ነው።

የዊንጌት ሥራ በጠረፉ ላይ ባሪያ ፈንጋዮችንና የዝሆን ጥርስ አዳኞችን መያዝ ነበር። ከእርሳቸው አስቀድሞ የነበረው ልማድ ወታደሮች በታወቀ ቀንና በታወቀ መንገድ እየዞሩ ቅኝት እንዲያደርጉ ነበር። ፈንጋዮቹ ግን ወታደሩ የሚያልፍበትን ቀን ቈጥረው ስለሚያውቁ ካለፈ በኋላ በነጋታው ይሻገሩ ነበር። ዊንጌት ይህን ባዩ ጊዜ መደበኛውን ዙረት ትተው ባልታወቀ ቀን ባልታወቀ ሥፍራ ደፈጣ ማድረግ ጀመሩ። ሰው የሌላውን ሰው መምጫና መሄጃ ጊዜ ካወቀ ኃይሉ ቢያንስም እንደሚያመልጥ፣ ካላወቀ ግን ኃይሉ ቢበዛም እንደሚያዝ ከዚህ ተማሩ። በዚህ አኳኋን እስከ 1925 ዓ.ም. ድረስ በሱዳን ቈዩ።

ከሱዳን ከወጡ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ወደ ፍልስጥኤም ተላኩ። በዚያም ለአይሁድ ሰፋሪዎች እጅግ በማድላት የሌሊት ጦር የሚባሉ ትናንሽ ክፍሎችን አቋቋሙ። ሥራቸው የጀግንነት ሜዳይ አስገኘላቸው፤ ዳሩ ግን በዐረቦች መንደሮች ላይ ያሳዩት ጭካኔ እስከ ዛሬ የሚያስወቅሳቸው ሲሆን፣ የገዛ አለቆቻቸውም የፖለቲካ ወገንተኛ ሆነዋል ብለው ከአገሩ አስወጧቸው። ብልህነታቸውና ቍጣቸው፣ ድፍረታቸውና ግትርነታቸው ሳይለያዩ የሚጓዙ ሰው ነበሩ። ይህም ጠባይ ወደ ጐጃም ሲመጡ አብሯቸው መጥቷል።

በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትጀምር ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት አገራቸው ተነሥተው ወደ ካርቱም መጡ። በዚያው ወር መጨረሻ የኢጣልያ ጦር ካሰላንና ገላባትን ያዘ። የካሰላ መያዝ የከተማ መያዝ ብቻ አልነበረም፤ የባቡሩን መሥመር ቈረጠ። ከፖርት ሱዳን በካሰላ በኩል በቀጥታ ወደ ገዳሪፍ ይመጣ የነበረው ጭነት ከዚያ ወዲህ በአትባራ፣ በካርቱምና በሰናር ዙሮ መምጣት ግድ ሆነበት። የገላባት መያዝ ደግሞ ከገዳሪፍ ወደ ጐንደር የሚያስገባውን ዋናውን በር ዘጋ። ስለዚህ ጠላት በእያንዳንዱ ጭነት ላይ ብዙ ቀን ጨመረበት።

በጐጃም ውስጥ ግን አርበኞች ለዓመታት ያለ ማንም ርዳታ ሲዋጉ ነበር። እነርሱን ለማግኘት ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከዶካ ተነሥተው በክረምቱ መካከል ጠረፉን ተሻገሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ ወደ ጐጃም ገቡ፤ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ሌሎቹንም የጐጃም መሪዎች አገኟቸው። አርበኞቹ በመልእክተኞቹ መምጣት እጅግ ደስ ቢላቸውም የሚጠብቁት ቃል ብቻ ሳይሆን ጠብመንጃና ጥይት ነበር። ጭነቱም ዘገየ። የመጣው ጥቂት፣ ከመጣውም ጠብመንጃ ብዙው ያረጀ ሆነ። አንድ መኰንን ዘገየ ብሎ በማስታወሻው የሚጽፈው ሳምንት በአርበኛው ዘንድ የእምነት ጕዳይ ነበር፤ የተባለው ቀን አልፎ ግመሉ ሳይመጣ በቀረ ቍጥር ተዋጊው የሚጠረጥረው መንገዱን ሳይሆን ቃል የሰጠውን ሰው ነውና። የስንቅ መዘግየት ከራብ በላይ የሚጐዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ዊንጌት ወደ ካርቱም የደረሱት በጥቅምት ወር ማለቂያ 1933 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን በብርጋዴር ስሊም የሚመራ የሕንድ ብርጌድ ገላባትን መትቶ ያዘ፤ ነገር ግን የጠላት አውሮፕላኖች ስለ ደበደቡት ምሽጉን ይዞ ለመቈየት አልቻለም፤ መተማም በጠላት እጅ እንዳለች ቀረች። ስለዚህ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ ጐጃም ለመግባት መጠበቅ ዓመቱን ማሳለፍ መሆኑ ታወቀ። ዊንጌት በኅዳር ወር በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሰከላ ላይ በተደለደለች ሜዳ ወርደው ከኮሎኔል ሳንፎርድ ጋር ተነጋገሩና ተመለሱ። የመረጡት መንገድ ከሮሴሬስ ወደ ኦሜድላ፣ ከዚያም ሰው በማይበዛበት ቈላ አቋርጦ ወደ በላያ ተራራ የሚወስደው ነበር። በላያ ላይ ስንቅ ከተከማቸ በኋላ ወደ ደጋው መውጣት ይቻላል ተባለ። ይህ ሁሉ ግን ከክረምት በፊት መፈጸም ነበረበት፤ ዝናቡ ከጀመረ የቈላው መንገድ በስተኋላ ይዘጋል፣ በደጋ ያለውም ጦር ያለ ስንቅ ይቀራል።

ለዚህ መንገድ የተገኘው ማጓጓዣ ግመል ነበረ። ከሱዳን ሜዳ ወደ 15000 የሚደርሱ ግመሎች ከነነጂዎቻቸው ተሰበሰቡ። ቍጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሒሳቡን በቀላሉ ለመመርመር ይቻላል። አንድ ግመል 150 ኪሎ ይሸከማል፣ በመንገዱ ላይ ሣር ካላገኘም በቀን 5 ኪሎ እህል ይበላል እንበል። መሄጃው 15 ቀን ከሆነ በመሄጃው 75 ኪሎ፣ በመመለሻውም 75 ኪሎ ለራሱ ይበላል፤ ይህ ሲደመር የተሸከመው ሁሉ ነው። እንዲህ ያለው ግመል ለወታደሩ አንዲት ፍሬ ሳያደርስ ደክሞ ይመለሳል። ስለዚህ ግመሉ የግድ በመንገድ ላይ እንዲግጥ ያስፈልጋል፤ እንዲግጥም ጊዜ መስጠት ይገባል፤ ጊዜ ከተሰጠው ደግሞ የጕዞው ቀን ይረዝማል። ቀን ማሳጠር ግመሉን ይገድላል፤ ግመሉን ማኖር ቀኑን ያስረዝማል። ዊንጌት የተያዙት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር፤ የመረጡትም ቀኑን ማሳጠር ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ጠረፉን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በዋዜማው ግድም የእንግሊዝ ጦር ካሰላን መልሶ ስለ ያዘ የባቡሩም መሥመር የሚከፈትበት ጊዜ ቀረበ። ከኦሜድላ ወደ በላያ የሚደረገውን ጕዞ ግን የሚረዳ ሐዲድ አልነበረም። ዊንጌት አቅጣጫውን በኮምፓስ ይዘው ቀጥታ ለመሄድ ቈረጡ። በካርታ ላይ ቀጥታ መሥመር አጭር ነው፤ በምድር ላይ ግን ገደልና ጢሻ፣ ድንጋይና ደረቅ ወንዝ ነበረበት። የጭነት መኪኖች ዐልፈው ለመሄድ ስላልቻሉ እየተጣሉ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱና ተከታዮቻቸው መኪና በማይሄድበት ሥፍራ ሁሉ በእግርና በእንስሳ ጀርባ እየተጓዙ ከ17 ቀን በኋላ ጥር 29 ቀን በላያ ደረሱ።

ንጉሠ ነገሥቱ ደረሱ ማለት ግን ጭነቱ ሁሉ ደረሰ ማለት አልነበረም። ከአንድ ሥፍራ በአንድ ሳምንት የተነሡ ቅፍለቶች በተለያየ ቀን ይገቡ ነበር። ሒሳብ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። አምስት ቅፍለቶች በአንድ መንገድ ሄደው የመጀመሪያው በ10፣ ሁለተኛው በ11፣ ሦስተኛው በ12፣ አራተኛው በ13፣ አምስተኛው ግን በ24 ቀን ደረሰ እንበል። ድምሩ 70፣ አማካዩም 14 ነው። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም እንኳ በ14 ቀን አልደረሰም፤ አራቱ ቀደሙ፣ አንዱ 10 ቀን ዘገየ። አማካዩን አምኖ የ14 ቀን ስንቅ ብቻ ይዞ አምስተኛውን ቅፍለት የሚጠብቅ ጦር 10 ቀን ይራባል። እንግዲህ የስንቅ አዛዥ ማወቅ የሚገባው አማካዩን ብቻ አይደለም፤ ቀኖቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ ይልቁንም የመጨረሻው ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል መመርመር ይገባዋል። ጥይት የጫነው ቅፍለት ቀድሞ ደርሶ ዱቄት የጫነው ቢዘገይ፣ ወይም ጠብመንጃው ደርሶ ቀልሃው ቢቀር፣ የቀደመው መቅደሙ ብቻውን አይረባም። ጦሩ የሚንቀሳቀሰው በመጨረሻው ግመል እርምጃ ነው።

ዊንጌት ከዚህ የተነሣ ያደረጉት ነገር ጦራቸውን ማሳነስ ነበር። መንገዱ ብዙ ሰው የማይመግብ ከሆነ ብዙ ሰው አይዝመት አሉ። ጦሩንም ከመጽሐፈ መሳፍንት ታሪክ ወስደው የጌዴዎን ጦር ብለው ሰየሙት፤ ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው ብዙውን ጭፍራ እንዳሸነፈ ያውቁ ነበርና። በኮሎኔል ቡስቴድ የሚመራው የሱዳን የጠረፍ ሻለቃ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃና ጥቂት የእንግሊዝ መኰንኖች ተደምረው ከሁለት ሺህ አይበልጡም ነበር። በፊታቸው የነበረው የጠላት ጦር በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር፣ መድፍም አውሮፕላንም ያለው ነበረ። ይሁን እንጂ በየምሽጉ የተበተነው ይህ ጦር በየአቅጣጫው በአርበኞች ተከቦ ስለ ነበር ከፊቱ ያለው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ አልቻለም። ዊንጌት በገዳሪፍ ጠረፍ ፈንጋዮችን በያዙበት ዘዴ በሌሊትና ባልታሰበ ሰዓት እየመቱ ትንሹን ብዙ አስመሰሉት። ጠላት እንጅባራን ለቀቀ፤ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ትቶ ወጣ። ሲያፈገፍግም ጨረቃ ወንዝ አጠገብ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በመንገዱ ላይ ስለ ተገኘ ከባድ ውጊያ ሆነ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወታደሮችም በዚያ ወደቁ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በዚያው ዕለት ከደቡብ የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸው ገቡ። ከኦሜድላ በተነሡ በ105 ቀን፣ ከክረምቱ በፊት መሆኑ ነው።

የቀኑ ሒሳብ እንዲህ ተሳካ፤ የግመሉ ሒሳብ ግን አልተሳካም። በሜዳና በሙቀት ያደጉት እንስሶች ድንጋያማውን አቀበትና የደጋውን ብርድ አልቻሉም፤ ግጦሹንም አላወቁትም። ዕረፍት ሳያገኙ ስለ ተነዱ በጀርባቸው ቍስል፣ በራብና በድካም በየመንገዱ ወደቁ። በኋላ የሚመጣው ቅፍለት በካርታ ሳይሆን በሞቱት ግመሎች ሽታ መንገዱን ያውቅ እንደ ነበር ይነገራል። ከ15000 ውስጥ አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ከግመሉም ጋር የወደቀው የነጂው ሀብት ነው፤ የሱዳን ግመል ነጂ ስሙ በድል ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ጭነቱን አድርሶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ዊንጌት ጊዜውን ለማትረፍ እንስሶቹን መክፈላቸውን ያወቁ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንስሳት ጠባይ የሚያውቁ ሰዎችን ምክር አለመስማታቸው ጥፋቱን እንዳበዛው በዘመቻው የነበሩ መኰንኖች መስክረውባቸዋል። ድል ያደረገ ሰው ሒሳቡ ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም።

ግንቦት 15 ቀን የጐጃሙን የጠላት ጦር ይዞ ወደ ሰሜን ያፈገፈገው ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከአባይ ማዶ አጊበር ላይ ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ። በዚህም ላይ የልዑል ራስ ካሣ አርበኞች ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ግን የጌዴዎን ጦር ተበተነ፤ ዊንጌትም ወደ ካይሮ ተጠሩ። በጻፉት ዘገባ አለቆቻቸውንና ባልደረቦቻቸውን አብዝተው ነቀፉ፤ ስለ ወታደሮቻቸው አበልና ሽልማት ያቀረቡት ጥያቄም ተቀባይ አጣ። ወባ ታመው፣ ተስፋ ቈርጠው፣ በ1933 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ በገዛ እጃቸው ሊሞቱ ሞከሩ። ሰው ደርሶ አዳናቸው። ሠራዊት በረሃ ያሻገሩት ሰው የራሳቸውን ልብ ለማሻገር የሰው እጅ አስፈለጋቸው።

ከሕመማቸው ከተፈወሱ በኋላ ወደ ቡርማ ተላኩ። በዚያም በጃፓን ጦር ጀርባ ገብቶ የሚዋጋ ጦር አደራጁ። በ1935 ዓ.ም. 3000 ያህል ሰው ይዘው ጫካውን ተሻገሩ፤ ከእነዚህም ከ800 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም። በዚህ ጊዜ ግን ስንቁ ከሰማይ በአውሮፕላን ይጣል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከ9000 በላይ ሰውና ከ1000 በላይ እንስሳ በጥቂት ሌሊት ውስጥ በአውሮፕላን ጠላት ጀርባ አወረዱ። የጐጃሙን ቅፍለት የሳምንታት ጕዞ አውሮፕላኑ ወደ ሰዓት ለወጠው። ችግሩ ግን አልጠፋም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ደመና ሲወርድ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሜዳው ሲጨቀይ አውሮፕላኑም እንደ ግመሉ ይዘገያል፤ የሚጠብቀውም ሰው እንደ ቀድሞው ይራባል። ዊንጌት የዚህን ዘመቻ ፍጻሜ ሳያዩ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈሩባት አውሮፕላን ሕንድ አገር በማኒፑር ተራራ ላይ ወድቃ በ41 ዓመታቸው ሞቱ። አብረዋቸው ከሞቱት አሜሪካውያን በራሪዎች ዐፅማቸውን መለየት ስላልተቻለ በመጨረሻ በአንድነት አሜሪካ አገር አርሊንግተን በሚባለው መካነ መቃብር ተቀበሩ።

የዊንጌትን ሥራ የሚመዝን ሰው ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንደኛው፣ ጐጃምን ነጻ ያወጣው የውጭ መኰንን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ዊንጌት የመጡት ለዓመታት ያለ ስንቅ መንገድ ከቈየ ሕዝብ ዘንድ ነው። የጌዴዎን ጦር ትንሽ ሆኖ የበቃው አርበኛው በየቀበሌው ስለ ነበረ ነው፤ የአገሬውም ገበሬ ከጐተራው እየቀነሰ ባይመግብ ከበላያ የሚመጣው ግመል ብቻውን አያደርስም ነበር። ሁለተኛው፣ መልካም አሳብና ጀግንነት ያለ ቍጥር መንገድ ላይ የሚቀሩ መሆናቸው ነው። ቍጥርም ያለ ርኅራኄ ሲሆን መንገዱን በሬሳ ያለብሰዋል።

ገዳሪፍ ዛሬም የዚያ ጥቁር ዋልካ አገር ናት። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በኡም ራኩባና በአካባቢው ሲጠለሉ፣ ዱቄትና መድኃኒት የጫነ መኪና ክረምት ሳይገባ መድረስ ይኖርበት ነበር። ወሩ ያው፣ ጭቃውም ያው ነው፤ የሚጠብቀው ግን ወታደር ሳይሆን ሕፃን ነው። አማካይ ማውጣትን በጥቁር ሰሌዳ የሚያስተምር መምህር ከአማካዩ በስተኋላ የዘገየው አምስተኛው ቅፍለት እንዳለ፣ ያንንም ቅፍለት የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ለተማሪው ቢያሳየው፣ ሒሳብ ደረቅ ትምህርት መሆኑ ይቀራል። በዊንጌት ስም በተሰየመ ትምህርት ቤት ይህ ትምህርት ቢሰጥ ከሐውልት ይልቅ የተሻለ መታሰቢያ ይሆናል።